ከደመራ እስከ ጥምቀት፦ አደባባይ ስትወጡ ፕላስቲክ የምትቀንሱበት መንገድ

መስቀል አደባባይ ላይ ደመራው ተለኩሶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር አስፋልቱ መታየት ይጀምራል። ላዩ ላይ ሃይላንድ አለ። ፌስታል አለ። የችፕስ ማሸጊያ፣ የተረገጠ ኩባያ፣ የማስቲካ ወረቀት አለ። በሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ፣ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ፣ ጥር ላይ ጃን ሜዳ ጥምቀት ሲከበርም እንደዚሁ ነው። የበዓል ኮንሰርት ሲያልቅም ያው።

የጽዳት ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ብዙውን ይለቅሙታል። እነሱ ያልደረሱበት ቱቦ ውስጥ ይገባል። መስከረም 16 ላይ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልሄደም። አንድ ዶፍ ከጣለ ከአደባባዩ የታጠበው ፌስታል ባንቺ ይቀጡ ወንዝ ይገባል። ባንቺ ይቀጡ ቀበናን ይቀላቀላል። ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። መሀል አዲስ አበባ የጣልነው ነገር እንዲህ አድርጎ ከከተማ ይወጣል።

የተለቀመውም ቢሆን የትም አልጠፋም። አብዛኛው የከተማችን ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቶብናል። ስለዚህ ጥያቄው «ቆሻሻውን የት እንጣል?» ብቻ ሊሆን አይችልም። ከቤት ስንወጣ ምን ይዘን እንውጣ የሚለው ይቀድማል። ይህ መመሪያ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

1. መጀመሪያ፦ ማንም የማያነሳውን ፕላስቲክ ለዩ

ስለ ፕላስቲክ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ሃይላንድን ነው። ሃይላንድ ብዙ ነው፣ ይታያል፣ መቀነስም አለበት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በበዓል ቀን ጆንያ ይዘው በሕዝቡ መሀል የሚዞሩ እናቶችና ልጆች አሉ። የሚለቅሙት ሃይላንድ ነው፤ ምክንያቱም ይሸጣል። ሰፈር ውስጥም ቆራሌው ይገዛዋል። ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ሥሩን ብታዩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለ። ተፈጭቶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ፌስታልን ማን ያነሳል? የችፕስና የብስኩት ማሸጊያን ማን ይገዛል? የችፕስ ማሸጊያ ፕላስቲክና በጣም ስስ አልሙኒየም ተደራርበው የሚሠራ ነው። ለያይቶ መልሶ መጠቀም እጅግ ከባድ ስለሆነ ቆራሌው ዞር ብሎም አያየው። ስትሮው፣ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ የላስቲክ ባንዲራ፣ ስስ ኩባያም እንደዚያው ናቸው። ቱቦ የሚዘጋው በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አንደኛ፣ ማንም የማያነሳቸውን ከቀናችሁ ጨርሳችሁ አውጡ። ይህ ቀላል ነው፤ አንዳቸውም የግድ አያስፈልጉም። ሁለተኛ፣ ሃይላንድን ቀንሱ። ሦስተኛ፣ የግድ የገዛችሁት ሃይላንድ ካለ በሚለቅመው ሰው እጅ እንዲገባ አድርጉ።

ስለ «ወረቀት» ኩባያም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የወረቀት ኩባያ ሲያገኝ ከፕላስቲክ የተገላገለ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ውሃ እንዳያሳልፍ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ዌት ዋይፕም ጨርቅ ቢመስልም አብዛኛው ፕላስቲክ ክር አለበት። አንድ እርጥብ መሐረብ ይተካዋል።

2. ማታውኑ ዘንቢል አዘጋጁ

ጠዋት ላይ ነጠላ ፍለጋ፣ ልጅ ማልበስ፣ ታክሲ ጥሪ ይበዛል። በዚያ ሰዓት ስለ ኮዳ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ማታ ይሰናዳ።

መያዣው ምን ይሁን? ቤት ያለ ዘንቢል ካለ ከሱ የተሻለ የለም። ሰፊ ነው፣ ይቆማል፣ ቀና ብሎ ኮዳ ይይዛል። ሕዝብ በሚጋፋበት ደመራ ላይ ግን በትከሻ የሚንጠለጠል የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል፤ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

ስለ ቦርሳ ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ። ፌስታል ስለተከለከለ ብዙ ሱቆች ጨርቅ የሚመስል ባለቀለም ቦርሳ መስጠት ጀምረዋል። አብዛኛው ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ በሙቀት ተጣብቆ ጨርቅ እንዲመስል የተደረገ። ክሩ የተሸመነ አይደለም፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ትናንሽ ነጠብጣብ የመሰለ ማኅተም አለው። ካላችሁ አትጣሉት፣ እስኪቀደድ ተጠቀሙበት። በየበዓሉ አዲስ መቀበል ግን ፌስታሉን በሌላ መልክ መመለስ ነው። የምትገዙ ከሆነ አቡጀዲ ገዝታችሁ ሰፈር ላለው ልብስ ሰፊ ስጡት። ይታጠባል፣ ዓመታት ይቆያል።

ሕጉንም እናንሳ። ስስ ፌስታል ላይ ገደብ የተጣለው አሁን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚሳሱትን ለማስቀረት ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል፣ ቅጣትም ያለው አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ሻጭ ፌስታል ሲዘረጋላችሁ «ይቅርብኝ» ማለት ለእሱም ደግ ነው።

ዘንቢሉ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦

- ለየሰው አንድ ኮዳ
- አንድ ወይም ሁለት ምሳ ዕቃ
- የማይሰበር ኩባያ፣ በተለይ ቡናና ሻይ ለሚወድ
- ሁለት ትናንሽ የጨርቅ ከረጢት፣ ለቆሎና ለፍራፍሬ
- እርጥብ መሐረብ በአሮጌ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ
- አንድ ባዶ ጆንያ ወይም አሮጌ ቦርሳ፣ ለራሳችሁ ቆሻሻ

ሌላ አያስፈልግም። ዘንቢሉ ከከበደ በሚቀጥለው በዓል እቤት ይቀራል።

3. ውሃ

ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው።

ሒሳቡን ተመልከቱ። አምስት ቤተሰብ ጥምቀት ይወጣል እንበል። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ ጥር 12። እያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት የግማሽ ሊትር ውሃ ቢጠጣ 30 ሃይላንድ ነው። ከአንድ ቤት ብቻ። ብሩንም እናንተው አስሉት። በበዓል ቀን ጃን ሜዳ በር ላይ ውሃ ሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ከፍ ይላል።

ውሃውን ማታ አፍሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ከድናችሁ እስከ ጠዋት አቀዝቅዙት። ቤታችሁ ማጣሪያ ካለ ደግሞ ነገሩ ያበቃል።

ኮዳ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጓዳውን ፈትሹ። የልጆች የትምህርት ቤት ኮዳ አለ። ድሮ የተገዛ ፔርሙዝ አለ። ወፍራም የፕላስቲክ ኮዳም ቢሆን ያለ ዕቃ ነው፤ ደጋግሞ መጠቀም አዲስ የብረት ኮዳ ከመግዛት ይሻላል። ያገለገለ ሃይላንድ ግን ትኩስ ነገር አይቀዳበትም። ፔት ሲሞቅ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ይጨማደዳል፣ ሻይ ለመያዝ የተሠራም አይደለም። ለቀዝቃዛ ውሃ፣ በደንብ ታጥቦ፣ ለጥቂት ጊዜ ይሆናል።

ስለ ፍተሻ። ደመራም ኢሬቻም ጥምቀትም ላይ መግቢያዎቹ ላይ ፍተሻ አለ። ውስጡ የሚታይ ኮዳ ከሆነ ፍተሻው ይፈጥናል። ከባድ የብረት ዕቃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሊያስቀሩባችሁ ይችላል። ብርጭቆና ጠርሙስማ ከቤትም አይውጣ፤ ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ አደጋ ነው። ፈታሹ ከጠየቀ ክዳኑን ከፍታችሁ ጎንጨት በሉለት። ቢላና ሹካም ተዉት። የሚበላው ነገር በእጅ የሚበላ ይሁን።

ስንት ይበቃል? ለግማሽ ቀን ለአንድ አዋቂ ከ1 እስከ 1 ሊትር ተኩል። ጥር ላይ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ነው፣ ስለዚህ ከፍ አድርጉት። መኪና ያላችሁ ወይም በቅርብ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሊትር ጀሪካን እዚያ አስቀምጡና እየተመለሳችሁ ሙሉ። ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ደውሉ፦ «እትዬ፣ በበዓሉ መንገድ ላይ ነን፤ ኮዳ ልንሞላ ጎራ ብንል ይመችዎታል?» ደስ ይላቸዋል። ቡናም ሳታገኙ አትወጡም።

ውሃው አልቆ የግድ መግዛት ካለባችሁ ትንንሾቹን አትግዙ። አንድ ባለ 2 ሊትር ገዝታችሁ በየኮዳው ተካፈሉት። ለተመሳሳይ ውሃ አራት ትናንሽ ሃይላንድ የሚፈጀው ፕላስቲክ ይበልጣል፤ ክዳኑም አራት ነው።

ለስላሳ ካማራችሁ ደግሞ አገራችን ውስጥ እስካሁን ያልጠፋ መልካም ነገር አለ፦ ተመላሽ ጠርሙስ። ኮካውም ሚሪንዳውም አምቦ ውሃውም በጠርሙስ ይሸጣል። ወደ አደባባዩ ከመግባታችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ጠጡና ጠርሙሱን መልሱ። ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ለስላሳ በፕላስቲክ የሚገዛ ሰው ይህን በነፃ ያለውን ዕድል እየተወው ነው።

ጸበል ወደ ቤት ለመውሰድም አዲስ ሃይላንድ አትግዙ። ንጹሕና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከቤት ያዙ። ብዙ እናቶች ለዚሁ የተለየ ዕቃ አላቸው። ልማዱ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል።

4. ስንቅ

የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ፕላስቲክ አያውቅም ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ። ሁሉም ሳይበላሽ ይውላል፣ ሁሉም በእጅ ይበላል። በአገልግል ተይዞ ሲከፈት የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የከተራ ዕለት ጋድ ስለሆነ የምትጾሙ የጾም ስንቅ ያዙ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ሙዝና ብርቱካን ማሸጊያቸው ከተፈጥሮ ነው። ቤት ውስጥ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ማምጣት ግን ያንኑ ያፈርሳል። በጨርቅ ከረጢት ያዟቸው። ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለል። ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ላብ ይይዘውና ቅርፊቱ ይረጥባል፤ ጨርቅ ውስጥ ግን ደህና ይቆያል።

ወጥ ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ ፍርፍር፣ ክዳኑ የሚገጥም ምሳ ዕቃ ውስጥ ይሁን። የሥራና የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ለበዓል አይሆንም ያለ የለም። ጥምቀት ሌሊት ጃን ሜዳ ለምታድሩ ፔርሙዝ ሻይ ያዙ። ጥር ሌሊት ብርድ ነው። ትኩስ ሻይ ካላችሁ በየሰዓቱ በስስ ኩባያ አትገዙም።

ለልጆች ችፕስና ብስኩት መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከመከልከል መተካት ይቀላል። ለውዝና ሱፍ ቀላቅላችሁ ለየልጁ የራሱን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ስጡት። የራሱ ነገር ሲኖረው የጎረቤቱን ችፕስ ቶሎ ይረሳል።

5. ከሻጮች ጋር

የበዓል ቀን ሻጭ ለብዙ ቀን የሚሆን ገቢ የምታገኝ እናት ወይም ወጣት ነው። ከእነሱ መግዛት ደግሞ የበዓሉ አካል ነው። ስለዚህ «አትግዙ» አልልም። በራሳችሁ ዕቃ ግዙ።

ወሳኙ ነገር ፍጥነት ነው። የቆሎ ሻጭ እጇ ፈጣን ነው። «የሃያ ብር» ከማለታችሁ ፌስታሉ ተሞልቶ ታስሯል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ከረጢቱን ክፈቱና ዘርጉላት፦ «እናት፣ ቆሎውን እዚህ ስፈሪልኝ።» በብርጭቆ ሰፍራ ትገለብጠዋለች። ፌስታሉም ለእሷ ይተርፋል። ሳምቡሳና ፓስቲ ሻጩ ጋ ደግሞ ምሳ ዕቃውን ከፍታችሁ ቅረቡ። በጋዜጣ ከሚጠቀለል ይህ ይሻላል፤ ትኩስና ቅባት ያለው ነገር የጋዜጣ ቀለም ይይዛል።

በጣም ጥሩው የመስከረም ምግብ ጥብስ በቆሎ ነው። በራሱ ቅጠል ተይዞ ይሰጣል። በልታችሁ ስትጨርሱ የሚቀረው ቆረቆንዳ ብቻ ነው፣ አፈር ይሆናል። ጥር ላይ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ አለ። ሸንኮራውን ላጥ አድርጎ በፌስታል ለመስጠት የሚቸኩል ሻጭ አለ፤ «ምሳ ዕቃው ላይ ቆራርጥልኝ ወንድሜ» በሉት። ምጣጩን መንገድ ላይ አትትፉት፤ ሰው ያንሸራትታል።

ጀበና ቡና የምታፈላ እህት ካገኛችሁ በስኒ ጠጡ። ወረፋው በዝቶ በሚጣል ኩባያ ካደረገችው የራሳችሁን ኩባያ ስጧት። አጥባ ከመመለስ ስለሚያሳርፋት አታንገራግርም።

6. ሕዝቡ መሀል

አንደኛ፣ እሳቱ። ደመራ ላይ ፌስታልም ሃይላንድም ወደ እሳቱ መወርወር ነውር ነው፣ አደገኛም ነው። የሚቃጠል ፕላስቲክ ጭሱ መርዛማ ነው። ከዚህም በላይ የደመራውን አመድና ከሰል ሰው ግንባሩ ላይ ያደርገዋል፣ ቤቱም ይወስደዋል። በየሰፈሩ በሚበራው ትንሽ ደመራ ላይ ልጆች ቆሻሻ ሲጨምሩ ካያችሁ ዝም አትበሉ። «ልጆች፣ ይሄ አመድ ነገ የእናታችሁ ግንባር ላይ ነው» ብትሏቸው ይገባቸዋል።

ጧፍ ስትገዙ ጧፉን ብቻ ግዙ። ነፋስ እንዳያጠፋው ስስ የፕላስቲክ ኩባያ የሚያለብሱት አሉ። ይቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል። በወፍራም ካርቶን መሀል ቀዳዳ አበጅታችሁ ጧፉን ብታሳልፉት ሰሙ እጃችሁ ላይ አይንጠባጠብም።

ዝናብ ከመጣ ስስ የላስቲክ ካባ የሚሸጡ ወዲያው ይደርሳሉ። አንዴ ተለብሶ ይቀደዳል። መስከረም ላይ ኮፍያ ያለው ጃኬት ከቤት ያዙ። ጃንጥላ በሕዝብ መሀል የሰው ዓይን ይወጋል። ጥምቀት ላይ ጋቢ ለብርዱም ለመቀመጫም ይሆናል፤ ለመቀመጫ ብላችሁ ላስቲክ አትግዙ።

ኢሬቻ የምትወጡ እርጥብ ሣሩንና አደይ አበባውን ያለ ላስቲክ ያዙት። በሣር ተጠምጥሞ ይታሰራል። ውሃው ዳር ሲደረስ የሚገባው ሣርና አበባ ብቻ ይሆናል።

ልጆች ፊኛና የላስቲክ ባንዲራ ይለምናሉ። በክር የተሠራ የእጅ አምባር፣ የጨርቅ ባንዲራ ወይም አንድ እቅፍ አደይ አበባ ግዙላቸው። ባንዲራው ከዓመት ዓመት ይቀመጥ።

7. ሃይላንዱን በእጅ ስጡ

ውሃ ከገዛችሁ ጠርሙሱ የናንተ ኃላፊነት ነው። ውስጡን ጨርሳችሁ አፍስሱ። ጨምቃችሁ አስተኙትና ክዳኑን ግጠሙበት፤ እንዲህ ሲሆን ጆንያ ውስጥ ብዙ ይይዛል። ሲጋራ፣ ዘይት፣ ልጣጭ አትክተቱበት። የቆሸሸ ሃይላንድ ዋጋ የለውም፤ የለቀመውም ሰው ይጥለዋል።

ከዚያ ጆንያ ይዞ የሚዞረውን ፈልጉ። መሬት ላይ ጥላችሁ «ያነሳዋል» አትበሉ። በሰው እግር መሀል ጎንበስ ብሎ መልቀም እጅ ያስረግጣል። «እንካ ወንድሜ»፣ «እንኩ እናቴ» ብላችሁ በእጅ ስጡ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እነዚህ ሰዎች ከተማዋን ከማጽዳት አንፃር ከማናችንም በላይ እየሠሩ ነው።

የማይሸጠውን ቆሻሻ ሁሉ፣ ሶፍቱንም ማሸጊያውንም፣ ያመጣችሁት ባዶ ጆንያ ውስጥ ክተቱ። የአደባባዩ ቅርጫቶች በበዓል ቀን ቶሎ ይሞላሉ። ሞልቶ በፈሰሰ ቅርጫት ላይ መጨመር ከመጣል አይለይም። ቤት አድርሱት።

8. የሰፈር ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ይህን ለእናንተ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ነው። ጥምቀት ሲደርስ የየሰፈሩ ወጣቶች ብር አዋጥተው መንገድ ያጸዳሉ፣ ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፣ ጎዳናውን ያስጌጣሉ፣ ለሚያልፈው ሕዝብ ውሃ ያድላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሃ ይዞ መንገድ ዳር ሲቆም የአዲስ አበባን ምርጥ ገጽታ ታያላችሁ። አንድ ኮሚቴ የሚወስነው ውሳኔ ደግሞ የብዙ ሺህ ሰው ፕላስቲክ ይቀንሳል።

ውሃ ማደል። ካርቶን ካርቶን ሃይላንድ ከመግዛት ይልቅ ንጹሕ ክዳንና ቧንቧ ያለው በርሜል ወይም ትንሽ ሮቶ አዘጋጁ። የታከመ ወይም የተፈላ ውሃ ሙሉበት። ሁለት ወጣት ቧንቧው ጋ ይቁም፣ የሰዉን ኮዳ ይሙላ። ሌሎች ደግሞ በጆግ እየዞሩ ለደከሙት ይቅዱ። ኮዳ ለሌለው ኩባያ ያስፈልጋል። ኩባያ ከየት ይመጣል? ከእድር! የሰፈራችሁ እድር መጋዘን ውስጥ ኩባያ፣ ትሪ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ በርሜል ሞልቷል። አባል የሆነ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ዳኛውን አነጋግሩ፦ «ጋሼ፣ ለታቦቱ መንገድ ነው፤ ቆጥረን ወስደን አጥበን ቆጥረን እንመልሳለን።» አንድ ኩባያ ግን በሁለት ሰው አፍ ሳይታጠብ አይዙር። ሁለት ትልልቅ ሳፋ አስቀምጡ፣ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ለማለቅለቂያ፣ ውሃው እየተቀየረ። ይህን የሚያደርግ ሰው ካልመደባችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

ማስጌጫ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የላስቲክ ጥብጣብ በገመድ ላይ ሲንጠለጠል ያምራል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን የሚያወርደው የለም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይበጣጠሳል፣ ስባሪው ቱቦ ይገባል። አቡጀዲ ወይም ሌላ የጥጥ ጨርቅ ገዝታችሁ በሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ አሰፉ። የመጀመሪያው ዓመት ወጪው ይበዛል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የምትከፍሉት የማጠቢያ ሳሙና ብቻ ነው። ታጥፎ በጆንያ ተደርጎ የእድሩ መጋዘን ይቀመጥ። ማን እንደሚያወርደው ከበዓሉ በፊት ስሙ ይጻፍ።

ባነር። ማተሚያ ቤት የሚታተመው ባነር ፕላስቲክ ነው። የግድ ካስፈለገ ዓመተ ምሕረት አትጻፉበት። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባነር ዘንድሮም ለከርሞም ያገለግላል። ዓመት የተጻፈበት ግን በማግስቱ ቆሻሻ ነው። ለቲሸርትም ይኸው ይሠራል።

9. ኮንሰርት፣ ባዛርና ታላቁ ሩጫ

ሆቴል ግቢም ሆነ ኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚደረግ የበዓል ዝግጅት ላይ የራስን መጠጥ ማስገባት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ሁለት ነገር ላይ አተኩሩ። የመጀመሪያውን ኩባያ አትጣሉ፤ ሁለተኛውን ድራፍት ወይም ጁስ በዚያው አስቀዱ። ስታዙ ደግሞ «ያለ ስትሮው» በሉ። ከታዘዘ በኋላ ሳይሆን ስታዙ፤ አስተናጋጁ ካስገባው በኋላ ማውጣት ትርጉም የለውም። ባዛር ላይ ለምትገዙት ዕቃ የጨርቅ ቦርሳችሁ አለ።

ታላቁ ሩጫ ላይ መንገድ ላይ የሚሰጠውን ውሃ ጠጡ፤ ለጤና ይጠቅማል። ጨርሳችሁ ባዶውን ዳር አድርሱት። መሀል መንገድ ላይ የተጣለ ሃይላንድ ከኋላ የሚመጣውን ሯጭ ይጥላል። ከሩጫው በፊት ለመጠጣት ግን ከቤት ኮዳ ይዞ መምጣት ቀላል ነው፤ ማስጀመሪያው ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ረጅም ነው።

10. ቤት ስትገቡ

ኮዳውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ገልብጣችሁ አድርቁ። ሳይደርቅ ከተከደነ ይሸታል፣ በሚቀጥለው በዓልም ማንም አይጠጣበትም። የጨርቅ ከረጢቶቹን አራግፉና እጠቡ። ሃይላንድ ካመጣችሁ ለቆራሌው በአንድ ጥግ አጠራቅሙት።

ጆንያውን ከመድፋታችሁ በፊት ግን አንዴ ዘርግታችሁ እዩት። ምን ወጣ? የብስኩት ማሸጊያ ከበዛ ለጥምቀት ዳቦ ቆሎ በርከት ተደርጎ ይሠራ። ሃይላንድ ከበዛ አንድ ኮዳ ይጨመር ወይም መንገድ ላይ የሚሞላበት ቤት ይፈለግ። ስስ ኩባያ ከበዛ ዘንቢሉ ውስጥ የገባው ኩባያ አንሷል ማለት ነው። ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ዘንቢሉ ውስጥ መልሳችሁ ነጠላው ከሚቀመጥበት ሣጥን አጠገብ አስቀምጡት።